ምዕራፍ ስድስት፦ የጭድ እርሾ

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። አፈሩ ተቆፍሮ ውኃ ይጠጣል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ በእግር ይረገጣል። ወዲያው ግን ግድግዳ ላይ አይወጣም። ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል፤ በየመሀሉ ውኃ እየተጨመረበት እንደገና ይረገጣል። ሦስት አራት ቀን ሲያልፈው ሽታው ይለወጣል። እኛ ልጆች በዚያ በኩል ስናልፍ አፍንጫችንን እንይዝ ነበር። ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ጭዱ ከቤቱ ጋር አብሮ ይኖራል። ዓመታት አልፈው ያ ቤት ሲፈርስ፣ ከተሰነጠቀው ጭቃ የሚመዘዘው ጭድ ትናንት ከአውድማ የመጣ ይመስላል።

ጭዱ ያው አንድ ጭድ ነው። እርጥብ ሳለ በቀናት ውስጥ መበስበስ ይጀምራል፤ ሲደርቅ ከሰው ዕድሜ ጋር ይወዳደራል። በመካከል የተለወጠው ጭዱን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሁኔታ ነው፦ ውኃ ሲያገኙ ሠሩ፣ ውኃ ሲያጡ ሥራ አቆሙ። ይህ ምዕራፍ ስለ እነርሱ፣ ከጭድና ከአገዳ ስለሚያወጡት ኃይል፣ ከሁሉ በላይ ግን አብረው ስለሚሠሩበት መንገድ ነው። ተመራማሪዎች ገለባን ወደ ነዳጅ የሚለውጥ አንድ ጀግና ባክቴሪያ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ አሳልፈዋል። ሥራው ግን ድሮም የማኅበር ሥራ ነበር።

የተቆለፈ ስኳር

አንድ ቁራሽ ዳቦ አፍዎ ውስጥ ይዘው ሳይውጡ ቀስ ብለው ያኝኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጣፈጥ ይጀምራል። ምራቅዎ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር እየፈታው ነው። አሁን ከክምር ላይ አንድ ዘለላ ጭድ መዘው ያኝኩ። ቀኑን ሙሉ ቢያኝኩት አይጣፍጥም። የሚገርመው ግን ጭዱ ውስጥ ያለው ዋናው ስኳር ከዳቦው ስኳር ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ግሉኮስ ናቸው።

ልዩነቱ በአያያዛቸው ላይ ነው። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ ሁሉ በአንድ ወገን ዞረው ይያያዛሉ፤ ሰንሰለቱ ይጠማዘዛል፣ ውኃም በቀላሉ ይገባበታል። በሴሉሎስ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ይቆማል። ስለዚህ ሰንሰለቱ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው እንደ ገመድ ይጠነክራሉ፤ ውኃም ኢንዛይምም በመካከላቸው መግቢያ ያጣሉ። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሴልም ፓየን ይህን ንጥረ ነገር ከዕፅዋት ለይቶ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1838 ነበር። ሕይወት ካላቸው ነገሮች ከሚገኙት ረጃጅም ሰንሰለታማ ውሁዶች መካከል በምድር ላይ በብዛት አንደኛው እርሱ ነው።

ተክሉ በሴሉሎስ ብቻ አላበቃም። በገመዱ ዙሪያ ሄሚሴሉሎስ የሚባል፣ ዛይሎስን ከመሳሰሉ ልዩ ልዩ ስኳሮች የተሠራ መረብ ይጠመጠማል። በሁለቱ ላይ ደግሞ ሊግኒን ይፈስሳል። ሊግኒን ስኳር አይደለም፤ እንጨትን እንጨት የሚያሰኘው ጠንካራ ሙጫ ነው። አንዷን የጭድ ዘንግ በዓይነ ኅሊና አጉልተን ብናያት፣ ያቺው የጭቃ ቤት ግድግዳ ሆና እናገኛታለን፦ ማገሩ ሴሉሎስ፣ ማገሩን የሚያስረው ልጥ ሄሚሴሉሎስ፣ ምርጊቱ ሊግኒን። ከደረቁ ጭድ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚህ ግድግዳ ውስጥ የተቆለፈ ስኳር ነው።

ይህን ግድግዳ ሰው በፋብሪካ ለማፍረስ ሲነሳ ሦስት ወጪዎች ይጠብቁታል። መጀመሪያ ገለባውን በእንፋሎት ወይም በአሲድ ማላላት አለበት። ቀጥሎ ሌላ ቦታ የተመረተ ኢንዛይም ገዝቶ ይጨምርበታል። በመጨረሻም የተፈታውን ስኳር ወደ ኢታኖል የሚለውጥ እርሾ ያስፈልገዋል። በየደረጃው ሙቀት፣ በየደረጃው ገንዘብ ይወጣል። ላም ግን ያለ ፋብሪካ ይህንኑ በየቀኑ ታደርገዋለች።

ፈርስ

ለበዓል በሬ ሲታረድ ከሆዱ የሚወጣውን ፈርስ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። እንፋሎት እየወጣው ገና ትኩስ ነው፤ ሽታውም የኮመጠጠ ሣር ሽታ ነው። እጅ ቢነክሩበት ከላይ ያለው ረጅም ሣር፣ ከሥር ያለው ግን ልሞ ሊጥ የመሰለ ነው። በሬው ያን ሣር ያጨደበት ጥርስና የሚያመሰኳበት መንጋጋ አለው። ሴሉሎስን የሚፈታ ኢንዛይም ግን ሰውነቱ አይሠራም። ያለው ትልቅ ጋን ነው፦ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ፣ ኦክስጅን የሌለበት፣ ሳያቋርጥ የሚናጥ ጋን። በዚያ ጋን ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከ10 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያ ይኖራል።

አሜሪካዊው የረቂቅ ተሕዋስያን ሊቅ ሮበርት ሀንጌት የሥራ ዘመኑን ለዚህ ጋን ሰጠ። ችግሩ ነዋሪዎቹ አየር ሲነካቸው የሚሞቱ መሆናቸው ነበር። ሀንጌት ኦክስጅን በሌለበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ እነርሱን ማሳደጊያ ዘዴ አበጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው መጽሐፍም ለዘርፉ መሠረት ሆነ። ከቱቦዎቹ የወጣው ሥዕል የሥራ ክፍፍል ነበር። ፋይብሮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ሣሩ ላይ ተጣብቆ ሴሉሎሱን ይቆርጣል፣ ሱክሲኔት የተባለ አሲድም ይተፋል። ሌላው ያንን አንስቶ ወደ ፕሮፒዮኔት ይለውጠዋል። ሌሎች ስኳሩን ወደ ኮምጣጤ አሲድ፣ ወደ ሃይድሮጂንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያፈርሱታል። ሚቴን ሠሪዎቹ ደግሞ ሃይድሮጂኑን ሰብስበው ሚቴን ያደርጉታል፤ ላሟም ታገሳዋለች።

ላሟ ከዚህ ሁሉ የምትወስደው ትራፊውን ነው። ባክቴሪያዎቹ የተፏቸው አሲዶች በሆዷ ግድግዳ በኩል ወደ ደሟ ይገባሉ፤ ከምግቧ ከምታገኘው ኃይል አብዛኛው ከእነርሱ ይመጣል። ጠዋት የምንጠጣው ወተት በዚህ መንገድ ያለፈ ሣር ነው። ለእኛ ጉዳይ ደግሞ ዋናው ትምህርት ይኸው ነው፦ በጋኑ ውስጥ አንዱ የሚጥለው ነገር ሳይከማች ሌላው ያነሳዋል። ባይነሳ ኖሮ ጋኑ በሰዓታት ውስጥ በአሲድ በተመረዘ ነበር።

ከቶኪዮ የሩዝ ጭድ የተማርነው

እ.ኤ.አ. በ2002 ሺን ሃሩታና ባልደረቦቹ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቀላል የሚመስል ሥራ ይዘው ቀረቡ። ከብስባሽ ክምሮች ናሙና ወስደው ቀላቀሉ፤ ከሩዝ ጭድ ጋር በጠርሙስ አድርገው በ50 ዲግሪ ሙቀት አስቀመጡት። ጭዱ ሲፈርስ ከፈሳሹ ጥቂት ቀንሰው ወደ አዲስ ጭድ አዛወሩ፤ ያም ሲፈርስ ወደ ሌላ፣ እንደገና ወደ ሌላ።

ይህ ዘዴ ለማንኛዋም እንጀራ ጋጋሪ እንግዳ አይደለም። ከቦካው ሊጥ ላይ የሚቀረውን ቢጫ ውኃ ለሚቀጥለው ቡሆ እርሾ አድርጋ ስታቆይ፣ እርሷም ያንኑ እያደረገች ነው። ከጤፍ ዱቄት ጋር መስማማት የቻሉት ተሕዋስያን ይቀራሉ፤ ያልቻሉት ከዙር ወደ ዙር ይመነምናሉ። እርሾ በብዙ እጅ የተመረጠ ማኅበር ነው። የቶኪዮ ተመራማሪዎችም የጭድ እርሾ ሠሩ። ያ እርሾ በአራት ቀን ውስጥ ከሩዝ ጭዱ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውን አፈረሰ።

አንድ እንቆቅልሽ ግን ነበረ። ሴሉሎስ የሚቆርጠው ዋናው ባክቴሪያ ክሎስትሪዲየም ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህ ወገን ደግሞ ኦክስጅን ጠላቱ ነው። ጠርሙሱ ግን አየር ይገባበት ነበር። ሶይቺሮ ካቶ የተባለው ተመራማሪ ከሃሩታና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር እርሾውን ወደ አምስት ባክቴሪያዎች አወረደው። ከአምስቱ አንዱ ሴሉሎስ ቆራጩ ነበር፤ ስሙም በላቲን ጭድ የሚያሟሟ ማለት ነው፦ ክሎስትሪዲየም ስትራሚኒሶልቨንስ። ከቀሩት መካከል ሦስቱ አየር ተንፋሾች ነበሩ፤ ሴሉሎስ መቁረጥም አይችሉም።

እነዚህ ሥራ ፈት የሚመስሉ ጎረቤቶች ምን ይሠሩ ነበር? ኦክስጅኑን ይጨርሱ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ የገባውን አየር ቀድመው እየተነፈሱ ለቆራጩ አየር አልባ መኖሪያ አዘጋጁለት። ቆራጩ የሚተፋው አሲድ ፈሳሹን ሲያኮመጥጠው ደግሞ አሲዱን በልተው መልሰው ያለዝቡታል። እነርሱም በበኩላቸው ቆራጩ ባይኖር የሚበሉት አልነበራቸውም፤ ከጭዱ የሚፈታው ስኳርና አሲድ ቀለባቸው ነው። ቆራጩን ብቻውን አየር ባለበት ቢያስቀምጡት አይሠራም፤ ከእነርሱ ጋር ሲሆን ጭዱ ይፈርሳል።

ካቶና ባልደረቦቹ ቀጥለው ከአምስቱ አንዱን እየነቀሉ የቀሩት እንዴት እንደሚሆኑ ተከታተሉ። ያገኙት ነገር ለማኅበር ኑሮ ለሚያስብ ሁሉ የሚጠቅም ነው። በመካከላቸው የነበረው ግንኙነት ሁሉ መረዳዳት አልነበረም፤ አንዳንዱ ሌላውን ይገታ ነበር። ማኅበሩ ሳይፈርስ የቆየው መረዳዳቱና መገታታቱ ሚዛን ስለያዙ ነው። አንዱ ብቻውን ከልኩ በላይ እንዳይበዛ የሚከለክል ከሌለ፣ እርሾው ከጥቂት ዙር በኋላ እርሾ መሆኑ ይቀራል።

በጎረቤት መኖር ሌላም ጥቅም አለው። ሴሉሎስ ሲቆረጥ በብዛት የሚወጣው ሁለት ግሉኮስ የተያያዙበት ሴሎባዮስ የተባለ ስኳር ነው። ይህ ስኳር ሲከማች ቆራጩን ኢንዛይም ራሱን ያግተዋል፤ ኢንዛይሙ ባመረተው ነገር ታንቆ ይቆማል። አጠገቡ ሴሎባዮስ የሚበላ ካለ ግን መንገዱ ይጠረጋል። ለዚህ ነው ስኳር የሚሻማ ጎረቤት አንዳንድ ጊዜ ለቆራጩ በረከት የሚሆነው።

ሁለት ሆነው ኢታኖል

ተፈጥሮ ካበጃቸው ጭድ ቆራጮች መካከል ብዙ ከተጠኑት አንዱ 60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት የሚወድ ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 እስራኤላውያኑ ኤድ ባየርና ራፋኤል ላሜድ ይህ ባክቴሪያ ሴሉሎስ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ሲመረምሩ፣ ማጣበቂያው ራሱ የመቁረጫ መሣሪያ ሆኖ አገኙት። ብዙ ኢንዛይሞች በአንድ ረጅም ፕሮቲን ላይ ተደርድረው ተሰክተዋል። አንዱ ሰንሰለቱን ከመሀል ይበጥሳል፣ ሌላው ከጫፉ ይልጣል። ይህን ጥምር መሣሪያ ሴሉሎሶም አሉት።

ቴርሞሴለም በዚህ ሁሉ ብቃቱ አንድ ጉድለት አለበት። ከሄሚሴሉሎስ የሚወጣውን ዛይሎስ መብላት አይችልም። ይህን የሚችል፣ ሙቀትም የሚወድ ሌላ ባክቴሪያ አለ፦ ቴርሞአናይሮባክቴሪየም ሳካሮሊቲከም። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለቱም ባክቴሪያዎች አሲድ መሥራት ትተው ወደ ኢታኖል እንዲያዘነብሉ ዘረ መላቸውን አስተካክለው በአንድ ጋን አዋሏቸው። በሊትር 92 ግራም ሴሉሎስ ሰጧቸው፤ በሊትር 38 ግራም ኢታኖል አገኙ። በስሌት ሊገኝ ከሚችለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው፤ ከውጭ የተገዛ ኢንዛይም አልተጨመረበትም። ይህ የተሠራው በነጠረ ሴሉሎስ ላይ ነው። እውነተኛው ጭድ ሊግኒኑን ይዞ ሲመጣ ሥራው ይከብዳል።

አንድ ሲባሉ የኖሩት ሁለት

አሁን ከሁሉ ወደሚያስደንቀው ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ሆራስ ባርከር ኢታኖል በልቶ ሚቴን የሚሰጥ አንድ ተሕዋስ ለየ። ሴሉሎስ ያለ አየር እንዴት እንደሚብላላ ቀድሞ ባጠናው ሩሲያዊ በኦሜልያንስኪ ስም ተሰየመ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ሊቃውንት ይህን ተሕዋስ እንደ አንድ ፍጡር ሲያሳድጉትና ሲያስተምሩበት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቪን ብራያንት ከሜየር ዎሊን፣ ከአይሊን ዎሊንና ከራልፍ ዉልፍ ጋር ሆኖ አንድ የተባለው ሁለት እንደሆነ አሳየ።

አንደኛው ኢታኖሉን ወደ ኮምጣጤ አሲድ ለውጦ ሃይድሮጂን ይተፋል። ሁለተኛው ሃይድሮጂኑን ይዞ ሚቴን ይሠራል። ሲለያዩ የመጀመሪያው ኢታኖል ላይ ከጥቂት ዕድገት በኋላ ይቆማል። ምክንያቱ የፊዚክስ ሕግ ነው። ኢታኖልን በዚህ መንገድ ማፍረስ ኃይል የሚሰጠው ሃይድሮጂኑ በአካባቢው እጅግ ጥቂት ሲሆን ብቻ ነው። ሃይድሮጂኑ ከበዛ ያው ሥራ ኃይል መስጠቱ ቀርቶ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ሚቴን ሠሪው ትራፊ ለቃሚ ብቻ አልነበረም። ጎረቤቱ ከምግቡ አንዳች እንዲተርፈው ያስቻለው እርሱ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ያቆያቸው ይህ ነው፤ ኢታኖል ላይ አንዱ ያለ ሌላው መኖሪያ የለውም። ሳይንስ ይህን ኑሮ በግሪክኛ ሲንትሮፊ ይለዋል፣ አብሮ መመገብ ማለት ነው። እኛ ማዕድ መቋደስ ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

የሠርጉ አተላ

በኢትዮጵያ የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር ለገበሬው ቤት የመረጠው ማብላያ ስንዱ የሚባለው ሞዴል ነው፤ ከኔፓል ልምድ ተወስዶ ለአገራችን የተስተካከለ ከመሬት በታች የሚገነባ ጉልላት። እበትና ውኃ እኩል ተበጥብጦ በአንድ በኩል ይገባል፤ ጋዙ በጉልላቱ አናት ይጠራቀማል፤ ዝቃጩ በሌላ በኩል ወደ ማሳው ይወጣል። ጋዙ ከግማሽ በላይ ሚቴን ነው። በላም ሆድ ያየነው ማኅበር እዚህ ሁለተኛ ቤት አገኘ ማለት ነው፤ ከእበቱ ጋር ሚቴን ሠሪዎቹም አብረው ይገባሉና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ጎራ ብዬ ነበር። የቤቱ እመቤት ምድጃው አጠገብ ቆመው ክብሪት ጫሩ፤ ሰማያዊው ነበልባል ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«እሳቱ ሸሸን፣ ልጄ» አሉኝ።

«ምን አብልታችሁት ነበር፣ እማማ?»

«የልጄን ሠርግ አተላ። ጋን ሙሉ ነው፤ ከሚደፋ ብለን ለጉድጓዱ ሰጠነው።»

የዝቃጩን መውጫ ከፈትን። የተለመደው የእበት ሽታ ቀርቶ እንደ ኮመጠጠ ጠላ ይሸታል። የሆነው ነገር ግልጽ ነው። አተላ ለስላሳ ምግብ ነው። አሲድ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች በሰዓታት ይራባሉና ወዲያው ተረባርበው ወደ አሲድ ለወጡት። ሚቴን ሠሪዎቹ ለመራባት ቀናት ይፈጅባቸዋል፤ የመጣውን አሲድና ሃይድሮጂን አንስተው መጨረስ አልቻሉም። አሲዱ በበዛ ቁጥር ደግሞ እነርሱ ይበልጥ ይደክማሉ። ማኅበሩ የሞተ አባል የለውም፤ እርምጃው ግን ተለያይቷል። ለጥቂት ቀናት ምንም እንዳያስገቡ፣ ከዚያ ትኩስ እበት በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጡት ተነጋገርን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስደውል ቡና እያፈሉ ነበር።

ገለባና አገዳም ወደ ማብላያው መግባት ይችላል፣ ግን በልክ፤ ተቆርጦ፣ ቀድሞ ርሶ፣ ከእበት ጋር ተቀላቅሎ። ደረቅ ጭድ እንዲሁ ቢከተት ተንሳፍፎ እንደ ክዳን ይደርቃል። የጭዱ ጥንካሬ እንደ አተላው የፍጥነት ችግር አያመጣም፤ ዘገምተኛው እዚህ የመጀመሪያው ሥራ ነው፣ ግድግዳውን ማፍረስ። ሊግኒኑም አየር በሌለበት ብዙም አይነካም፤ ከዝቃጩ ጋር ወጥቶ አፈር ያበለጽጋል። ጋዙ ወጥና ቡና በደንብ ያበስላል፤ ለእንጀራ ምጣድ ግን ሰፊና ብርቱ ነበልባል ስለሚፈልግ አሁንም ፈተና ነው።

ከአዮዋ ወደ ጎረቤት ግቢ

በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ኔቫዳ በምትባል ከተማ፣ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ፋብሪካ ከፈተ። የበቆሎ አገዳን በኢንዛይም ፈትቶ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ከ110 ሚሊዮን ሊትር በላይ ኢታኖል ሊያወጣ ታቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ኩባንያው ከዘርፉ ለመውጣት ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቨርቢዮ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ፋብሪካውን ገዛው፤ ከዚያም የበቆሎ አገዳውን በማብላያ ጋኖች ወደ ሚቴን ይለውጥበት ጀመር። ለኢንዛይም የተሠራው ግቢ የማኅበር መኖሪያ ሆነ።

ይህ የኢታኖልን መንገድ ዘግቶ የሚቴንን ያነገሠ ታሪክ ነው አልልም። ኢታኖል ለመኪና የሚመች ፈሳሽ ነው፤ የቴርሞሴለምና የጓደኛው ምርምርም ገና ብዙ ይቀረዋል። ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሚቴን በማብላያ ውስጥ ለማምረት ንጹሕ ዘር፣ የተገዛ ኢንዛይም፣ የተቀቀለ ጋን አያስፈልግም። ማኅበሩ ራሱን ይመርጣል፣ ራሱን ይጠግናል። የእኛ ድርሻ ቀለቡን በልክ መስጠትና ሲኮመጥጥ ማስታገስ ነው። እርሾ ያቆየች እናት ይህን ለዘመናት ታውቀዋለች፤ አዲሱ ነገር እውቀቷ ለጭድም መሥራቱ ነው።

ጉድጓዱ ካገገመ በኋላ ወደ ቢሾፍቱው ግቢ ተመልሼ ስሰናበት የእመቤቲቱ ጎረቤት ባልዲ ይዘው መጡ። አዲስ ማብላያ አስገንብተው እበትና ውኃ ሞልተውታል፤ ጋዙ ግን ቶሎ አልመጣላቸውም። እማማ ከራሳቸው ጉድጓድ መውጫ ሁለት ባልዲ ዝቃጭ ቀድተው ሰጧቸው። ጎረቤቲቱ ባልዲዎቹን ተሸክመው ሲሄዱ እማማ ከኋላቸው ጠሯቸው፤ «እርሾ ነው፤ እንዳይደርቅብሽ!»